የስኬርዊክ የጥብስ ጦርነት

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። የጨው ቅንጣት የምታህል ውሸት ከተገኘችበት ምላሴ በፈላ ዘይት ትጠበስ። ካላመናችሁኝ ስኬርዊክ ሄዳችሁ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ።

የብረቱ መጥበሻ ወንፊት የጥብስ ቤቱን መስተዋት በርቅሶ ወደ ጎዳናው ሲወረወር፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ሮዊና ከአባቷ ባንኮኒ ሥር ተደፍታ ነበር። ስባሪው እንደ በረዶ ዘነበ። ከራሷ በላይ አንዱ ያገሳል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ «ጥርሴን! ጥርሴን!» እያለ ይጮኻል። ከባንኮኒው ጫፍ ቀይ ነገር እየተንጠባጠበ ጫማዋ ላይ ያርፋል። ካቻፕ ነው የሚል ካለ እሱ እኛን አያውቀንም። ደም ነው።

ነገሩ የጀመረው ግን ባሕሩ ዳር ነው።

ስኬርዊክ ውስጥ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚበላባቸው ቦታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ኮረብታው ላይ ያለው የሮዊና አባት የባርናቢ ጥብስ ቤት ነው። በእንግሊዝ ምድር ከዚያ የሚጣፍጥ ዓሣና ድንች የለም፤ ዓሣዎቹ ራሳቸው ባርናቢ እጅ ለመግባት ይጋፋሉ ይባላል። ሁለተኛው ከታች፣ አሸዋው ላይ በእንጨት የተሠራው የሲላስ ሸርጣን ቤት ነው። ሲላስ የበግ ግልገል የሚያህል ሸርጣን በባዶ እጁ ፈልቅቆ፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ላይ አድርጎ ያቀርባል። ሌላ የለም። የራበው እንግዳ ወይ ይወጣል፣ ወይ ይወርዳል።

የሁለቱ ሰዎች አባቶች በዚሁ በእንግዳ ሽሚያ ድሮ ተፈነካክተው፣ የግማሹ መንደር አፍንጫ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ። ባሕራችን በቀን ሁለት ጊዜ ከአሸዋው ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። እንግዳ መጥቶ «የት እንብላ?» ሲል፣ ባሕሩ ከሸሸ ወደ ታች ይላካል፤ ባሕሩ ከመጣ ወደ ላይ። ባሕር በየቀኑ ሰዓቱን ስለሚያዛውር ማንም ተራውን አይሰርቅም። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከመንደሩ ልጆች አንዱ ተረኛ ሆኖ የባሕሩ ግንብ ላይ ይቀመጥና በክንዱ ይጠቁማል። ቄሳችን እንኳ አንድ ጊዜ ሸርጣን አምሯቸው፣ ባሕሩ መጥቶ ስለነበር እያለቀሱ ኮረብታውን ወጥተዋል።

ያን ቅዳሜ ተረኛዋ ሮዊና ነበረች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ አባቷ መስኮቱ ጋ ቆሞ ባዶውን መንገድ ያይ ነበር። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ አሳጥቶታል። «ይሄ ሁሉ ዓሣ ሊበላሽብኝ ነው» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለመስተዋቱ።

አውቶቡሱ መጣ። ስልሳ እንግዶች ወረዱ፤ እያንዳንዳቸው በር የሚያህሉ፣ ከሳምንት በፊት የበሉ የሚመስሉ፣ ከዘራ የያዙ። ባሕሩ ደግሞ ያን ሰዓት እንደ ተራራ እየተነሳ፣ ግንቡን እየደበደበ ይመጣ ነበር።

«የኔ ቆንጆ፣ እዚህ አገር የት ነው የሚበላው?» አለች አንዲት አሮጊት።

ሮዊና ወደ ባሕሩ አየች። ከዚያ ክንዷን ወደ ኮረብታው ቀሰረች።

እንግዶቹንም ተከትላ ወደ ጥብስ ቤቱ ወጣች። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሲላስ የሁለት ሰው ቁመት ያለው የጀልባ መንጠቆ ይዞ፣ ዓይኑ እንደ ፍም ቀልቶ፣ ኮረብታውን በአራት እርምጃ ወጣው። በሩን በእርግጫ ሲለው በሩ ከነማጠፊያው ተገነጠለ።

«ሌባ! የኔን ሰዎች ታበላለህ?»

«ና ግባ፣ አንተ የሸርጣን ልጅ!» አለ ባርናቢ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ዛሬ የምጠብሰው አንተን ነው!»

የሆነውን ሁሉ ልናገር ብል ወረቀት አይበቃኝም። ባርናቢ አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ዓይኑ ውስጥ ደፋበት። ሲላስ ዓይኑ ታውሮም መንጠቆውን አሽከረከረና የባርናቢን ክንድ ከሦስት ቦታ ሰበረው፤ አጥንቱ ሲሰበር ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰምቷል። ባርናቢ በቀረችው ክንዱ ጥሬ ዓሣ በጅራቱ ይዞ በጥፊ ያጮለው ጀመር። እንግዶቹም ለሁለት ተከፍለው ገጠሙ። የሰማንያ ዓመት አሮጊት በቦርሳዋ አንድ ዓሣ አጥማጅ ዘርራ ደረቱ ላይ ተቀመጠችበት። ወለሉ በደምና በዘይት ተንሸራታች ሆኖ፣ የወደቀ በወደቀው ላይ ይረጋገጥ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሲያበቃ ባርናቢ ብቻ ቆሞ ነበር።

ይኸውላችሁ፤ እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ መንገድ አይበቃትም ትላላችሁ። ሮዊና ግን ዝም አለች። ዕድሜው ነው መሰለኝ።

አባቷ ክንዱን በጄሶ አሳስሮ ሥራ በጀመረ ማግስት ከጥብስ ቤቱ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሰልፍ ሆነ። ጦርነቱን ለመስማት ከሦስት መንደር ሰው መጣ። ባርናቢ በአንድ እጁ እየጠበሰ ይተርካል፤ ባሕሩ በየቀኑ ከፍ ይላል፣ መንጠቆው በየቀኑ ይረዝማል። ሮዊና ጥብሱን በወረቀት ትጠቀልላለች።

«ንገሪያቸው እንጂ ልጄ! በዓይንሽ አይተሽ የለ?»

«ዘይቱ እየፈላ ነው አባዬ።»

«አያችሁ? ድንጋጤው ገና አልለቀቃትም» ይላል፣ ሰልፈኛውም «ውይ፣ ምስኪን!» ይላል።

በዚያው ሳምንት ባርናቢን የሚደግፉ የላይኛው መንገድ ጎረምሶች በጠራራ ፀሐይ ወርደው የሸርጣን ቤቱን መስኮቶች በድንጋይ አነከቱ። የሲላስን የሸርጣን ወጥመዶች ገመድ በቢላ ቆርጠው ባሕር አስበሏቸው። የታችኞቹ ደግሞ ወጥተው የባርናቢን መኪና አራት ጎማ ወጉ፤ በደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳም አንድ ባልዲ የዓሣ አንጀት ገለበጡ። አንዱ ልጅ ግንባሩ ተፈንክቶ ሰባት ቦታ ተሰፋ። ሮዊና አንጀቱን በእጇ እየዛቀች ወለሉን ሦስት ጊዜ አጠበች፤ ሽታው አለቀቀም።

ሰኞ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ የሲላስ ልጅ ኬዝያ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ የሚቀመጡት አብረው ነው። ከኋላ ያሉት የላይኛው መንገድ ልጆች እግራቸውን እየመቱ «ሸር-ጣን! ሸር-ጣን!» ማለት ጀመሩ።

«ሂጂ ኬዝ» አለች ሮዊና ወደ መስኮቱ እያየች። «ሌላ ቦታ ተቀመጪ።»

«ሐሙስ ስብሰባ አለ። አባቴን ሊያስነሱት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«የቆምንበት አሸዋ የመንደሩ ምክር ቤት ንብረት ነው። ከነጠቁን የምንሄደው ከተማ አክስቴ ጋ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አምስታችን።» ኬዝያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባሕሩ ሸሽቶ ነበር፣ ሮ።»

«አባትሽ ነው እንደዚያ ያለሽ?»

«እኔ ከታች ሆኜ ክንድሽን አይቻለሁ።»

የእግር ኳኳታው ቆመ። አውቶቡሱ በሙሉ ጆሮ ሆነ። ከኋላ አንዱ «ኧረ! ውሸታም እያለችሽ እኮ ነው! ዝም ትያታለሽ?» አለ።

«ምንም አላየሽም» አለች ሮዊና።

«አይቻለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ።»

እዚህ ላይ ኬዝያ እንደ ነብር ዘልላ ጉሮሮዋን አነቀቻት። ሮዊናም አልተኛችም፤ በቡጢ አፏን አለቻት። ፀጉር ተነጨ፣ ቦርሳ በረረ፣ ሾፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ ለመገላገል ሞክሮ በክርን ተመትቶ ተመለሰ። አሥራ ሁለት ዙር ተጋጥመዋል። በመጨረሻ ኬዝያ ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ነጭ ሸሚዟ በደም ርሶ ወንበሮቹ መካከል ተቀመጠች። ልጆቹ በፉጨት አቀለጡት። «ሮዊና! ሮዊና!» አሉ። አንዱ እጇን ወደ ላይ ይዞ እንደ ቡጢ ሻምፒዮን አነሳላት። ጣቷ መገጣጠሚያ ላይ የኬዝያ ጥርስ ያደረሰው ቁስል ነበር።

ማታ አባቷ ቁስሉን አይቶ ሳመላት። «የኔ አንበሳ! የአባትሽ ልጅ!» አለና ከሁሉ ትልቁን ዓሣ ጠብሶ አቀረበላት። ዓሣው ቀዝቅዞ፣ ዘይቱ ነጭ ሆኖ እስኪረጋ ድረስ ፊቷ ተቀመጠ። እሱ የአውቶቡሱን ጦርነት ለሰልፈኛው ማውራት ጀምሮ ስለነበር አላየም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የላይኞቹ በቀኝ፣ የታችኞቹ በግራ፣ ሁለቱም እጃቸውን ጨብጠው። የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ወይዘሮ ቴትሎው መነጽራቸውን ጠርገው «የሚጮህ ይወጣል» አሉ። «ጥያቄው አንድ ነው። ሲላስ ሰው ቤት ገብቶ ሰው ደብድቦ ከሆነ አሸዋውን ይለቃል። የአውቶቡሱን እንግዶች ልናገኛቸው አልቻልንም። ባርናቢ፣ ተናገር።»

ባርናቢ ተናገረ። ጄሶውን እያወዛወዘ፣ መንጠቆው ሲሽከረከር እያሳየ፣ አርባ ደቂቃ። የቀኙ ወገን ሦስት ጊዜ ቆሞ አጨበጨበ። ከግራ በኩል ወንበር ተወረወረ፤ ሁለት ሰው አንገት ለአንገት ተያይዞ በጉልበት ተለያየ።

ቀጥሎ ሲላስ ተነሳ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ «እኔ ባሕሩ እንደሸሸ አይቼ ልጠይቅ ነው የሄድኩት» አለ። «ሌላ የምለው የለኝም።»

«ውሸታም!» አሉ ከቀኝ። «ነፍሰ ገዳይ!»

አጠገቡ ኬዝያ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ላይ አራት የስፌት ክር አለ። ወደ ማንም አታይም።

«ግንቡ ላይ ተረኛው ማን ነበር?» አሉ ወይዘሮ ቴትሎው።

«ልጄ ናት!» አለ ባርናቢ ደረቱን ነፍቶ። «ሮዊና፣ ተነሺ። ንገሪያቸው ጀግናዬ!» ጠቀሳትም።

ሮዊና ተነሳች። የአባቷን ፊት አየች፤ አንድም ቀን እንደዚያ ተደስቶ አይታው አታውቅም። ከጎኑ ያሉት ሰልፈኞቹ ናቸው፤ ነገም ይመጣሉ፣ አፏ ዝም ካለ።

«ባሕሩ የት ነበር፣ ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ቴትሎው።

«ሸሽቶ ነበር።»

ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር የኋለኞቹ ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጮክ በይ።»

«ሸሽቶ ነበር» አለች እንደዚያው በቀስታ። «እንግዶቹን ወደ ታች መላክ ነበረብኝ። አባዬ አላዘዘኝም። ዓሣው ሊበላሽ ነው ሲል ስለሰማሁ፣ እኔው ነኝ ወደ ላይ የላክኋቸው።»

«ስልሳውንም?»

«አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ሽማግሌዎች ናቸው። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በሉና ሄዱ። ማንንም አልነኩም።»

«ሮዊና!» አለ አባቷ። እሷ ወደ ወይዘሮ ቴትሎው ብቻ አየች።

«ሲላስ መንጠቆ ይዞ ነበር?»

«ጋሼ ሲላስ ባዶ እጁን ነው የመጣው። በሩ ላይ ቆሞ ‹ባርናቢ፣ ዛሬ የማን ተራ ነው?› ነው ያለው። አባዬ ተናደደና ወንፊቱን ወረወረበት። ሳተው፤ መስተዋቱን ሰበረ። ከዚያ ዘይት አንሸራቶት ወደቀና ክንዱ ባንኮኒውን መታ። ያነሳውም፣ ሐኪም ቤት የወሰደውም ጋሼ ሲላስ ነው። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አይሞላም።»

ወይዘሮ ቴትሎው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንግዲያው የተመታ ሰው የለም ነው የምትዪው?»

ሮዊና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኬዝያ ዞረች።

«አለ» አለች። «ኬዝያ። እኔ ነኝ የመታኋት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቀምጣ ሳለች። እሷ እጇንም አላነሳችብኝ።»