የጎደለችው አንዷ

«ውሃ ጨምሪበታ! ማን ያውቅብሻል?» አለ ታናሽ ወንድሟ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ተደግፎ።

ድንቡሼ ጀሪካኑን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ለኩላሊት ምርመራ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ለሃያ አራት ሰዓት የሸናችው በሙሉ እዚህ ውስጥ መግባት ነበረበት። ልብስ ሰፊ እናቷ፣ ሰው እንዳያይባት ብላ፣ ከመጋረጃ ቁራጭ መያዣ ቦርሳ ሰፍታላታለች። ይሁን እንጂ ትናንት ከሰዓት ባልንጀራዋ ሳቂታዋ እስከ ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ተከትላት ስትመጣ፣ ድንቡሼ አፍራ ቦርሳውን ሳትከፍት ቀረች። የዚያን ጊዜዋ አንዷ ሽንት እዚያው ፈሰሰች።

«አንዷን ላሽ በያት፣ አትንገሪያቸው» አለ ወንድሟ። «እንደገና ካሉሽ እኮ ቅዳሜ የኳስ ግጥሚያሽ ላይ ጀሪካን ታቅፈሽ ልትገቢ ነው።»

«ዞር በል ከዚህ!» አለችው።

ላቦራቶሪ ስትደርስ ባለሙያዋ ጓንቷን አጥልቃ ተቀበለቻት።

«ሁሉም አለ፣ የኔ እናት?»

«አንዷ ብትጎድልስ?»

«የሚለካው በቀን የሚወጣው፣ ጠጠር የሚሠራው ካልሲየም በጠቅላላ ነው። ሽንቱ ከጎደለ፣ ካልሲየሙ በዝቶ እንኳ ቢሆን ወረቀቱ ላይ ደህና ሊመስል ይችላል። ሐኪሙ ደግሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው።»

ድንቡሼ ባለፈው ወር የወጣላትን የኩላሊት ጠጠር አስታወሰች። ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም ነበር፤ ግን በሕመም ወለል ላይ አንከባላታለች። እናቷ መርፌዋን ጥላ፣ ክር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር ወደ ሐኪም ቤት ይዛት የሮጠችው።

«ጎድላለች» አለች ቀስ ብላ። «ትምህርት ቤት... አፍሬ ነው።»

ባለሙያዋ ሳቀች። «እኔም ብሆን አፍር ነበር። በይ፣ ይኸው አዲስ ጀሪካን። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያዋን ድፊያት፤ ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ ጠዋት ጠብታም እንዳታመልጥሽ።»

ደጅ ላይ ስትጠብቃት የነበረችው እናቷ አዲሱን ባዶ ጀሪካን አየች። «ቦርሳውን ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ላድርግልሽ?» አለቻት።

«አድርጊልኝ እማዬ። ስልክሽንም አውሺኝ።»

ሳቂታዋ ወዲያው አነሳች።

«ስሚ፣ ቅዳሜ ስጫወት አንድ ቦርሳ ትይዥልኛለሽ?»

«ውስጡ ምን አለ?»

ድንቡሼ ዓይኗን ጨፈነች። «ሽንት። የእኔ። ለምርመራ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ያ የታወቀ ሳቅ ፈነዳ።

«እሺ፤ ክዳኑ ግን ይጠብቃል?»

ድንቡሼ አዲሱን ክዳን በመዳፏ አጥብቃ አዞረችው።

«ይጠብቃል» አለች።