መንገዱ ዝግ ነው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ገደል አፋፍ ላይ ድንኳን ጥዬ አድሬአለሁ፣ መቃብር አጠገብ ችካል ተክዬ ለክቻለሁ፣ ሠራተኞቹ «እዚህ ቦታ ነገር አለ» ሲሉኝ «ያለው ቋጥኝ ነው» እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ፣ እመኑኝ፣ ፊቱ ባልስቅ እንኳ ቤቴ ገብቼ እስቅበት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጡረታ ስወጣ ነው። ባለቤቴን አልማዝን የአዲስ አበባ ጩኸት አንገሽግሿት «ደጋ ደጋውን አይተን አንዱ ጋ እንረፍ» አለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከተማ መምረጥ ጀመርን። ደብረ ብርሃን ሄድን፣ ብርዱ ጉልበቷን ያዘው። ደሴን አየን፣ ዳገቱ እኔኑ አስለከለከኝ። ከዚያ ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ውሃው ዳር ቆማ መረብ የሚስቡትን ዓሣ አጥማጆች ስታይ ቆየችና «በቃ፣ እዚህ ነው» አለች። ቀጥላም «ደግሞ አገርህ እኮ ነው» አለችኝ።

አዎ፣ አገሬ ነው። የተወለድኩት ከሐይቅ አለፍ ብሎ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር ነው። እናትና አባቴ ነፍስ ሳላውቅ ስላለፉ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እቴነሽ ናት፣ ሳታገባ ቀርታ፣ ማለት ስለ እኔ ብላ ሳታገባ ቀርታ አስተማረችኝ። እኔስ ምን አደረግኩላት? ከተማ ገብቼ ቀረሁ። «ለመስቀል እመጣለሁ» እላለሁ፣ አልመጣም። በዚያ ሁሉ ዓመት የላክሁላት ነገር ቢኖር ነብር ያለበት ብርድ ልብስ ነው፣ እሱንም በሰው እጅ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ያ የጦርነቱ ክፉ ጊዜ ሊያልፍ ሲል፣ «እቴነሽ አረፈች» ብለው ደወሉልኝ። «መንገዱ ዝግ ነው» አልኩ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። አውቶቡሱ መሄድ ከጀመረ ሰንብቷል፣ ዕድሜውን መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው ይህን ያጣዋል? ግን ከስንት ዓመት በኋላ ሬሳዋ ፊት ምን ዓይን ይዤ እቆማለሁ ብዬ ፈራሁ። ለአልማዝም ያንኑ አልኳት፣ አመነችኝ፣ አብራኝ አለቀሰች። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

እና ሐይቅ ላይ ቤት የሚያሳየን ደላላ፣ ሰይድ የሚባል ቀልደኛ ጎልማሳ፣ «ጋሼ የት አገር ሰው ነዎት?» ሲለኝ «አዲስ አበባ» አልኩት። በማግስቱ አልማዝ ጉልበቷን አሟት ሆቴል ቀረች፣ ሰይድ ደግሞ «ወላሂ ጋሼ፣ ከዚህ የበለጠ ቦታ አለኝ፣ አየሩ መድኃኒት ነው፣ አይተው ይፍረዱ» ብሎ እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ወሰደኝ። ባጃጁ ወደ ዳገቱ ሲታጠፍ መንገዱን አወቅሁት። ሰውዬው በምን ይወቅ፣ ቀጥ አድርጎ የወሰደኝ ወደ እኛው መንደር ነው። «እንመለስ» ማለት ነበረብኝ፣ ግን ምን ብዬ?

ከባጃጁ ወርደን በእግር ስንጀምር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ከላይ ጉሙ ወረደ፣ የአምባሰል ጉም ደግሞ ሲመጣ ቀስ አይልም። የሰይድ ስልክ ጮኸ።

«ከዚህ ወዲያ ኔትወርክ የለም ጋሼ፣ እርስዎ ቀስ እያሉ ይውጡ፣ እደርስብዎታለሁ» አለና መንገዱ አፍ ላይ ቀረ። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፣ ግራና ቀኙ በቁልቋል የታጠረ ቀጭን መንገድ፣ ልጅ ሆኜ የሮጥኩበት።

መቶ ሜትር ያህል እንደወጣሁ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። «ሲጥ… ሲጥ…»፣ እንጨት ክብደት ሲበዛበት የሚያሰማው ዓይነት፣ ከሥሩም እኩል የሚረግጡ እግሮች። ቃሬዛ መሆኑ ወዲያው ገባኝ፣ ሬሳ እያወረዱ ነው። የገረመኝ ልቅሶ አለመኖሩ ነው፣ የአንድ ሴት ድምፅ እንኳ የለም።

በእኛ አገር ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ቀብር መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ሟቹን ባያውቀው እንኳ ትከሻውን ሰጥቶ ጥቂት እርምጃ ሳይሸከም አያልፍም። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ እቴነሽ ናት፣ ቁመቴ ሳይደርስ «እንጨቱን እንኳ ንካ» ብላ ትገፋኝ ነበር። እኔ ግን የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያውቁኛል። እኔና እህቴ በፍንጭት ጥርሳችን ከሩቅ እንለያለን። ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ፣ ኮቴን ሰብስቤ ከቁልቋሉ ኋላ ተወሸቅሁ።

አምስት እርምጃ ቢርቁኝ ነው። ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ናቸው፣ ፊታቸው አይታይም። ሦስት ናቸው። ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ በግራ በኩል። የኋላው ቀኝ ጫፍ ላይ ሰው የለም። ያ ጫፍ ግን አልወረደም። የቀያሽ ዓይን ነው ያለኝ፣ ውሃ ልክ ቢቀመጥበት አረፋዋ መሐል ላይ ትቆም ነበር፣ ወላ ፍንክች አላለም። ሬሳው ላይ የተጣለው ነብር ያለበት ብርድ ልብስ ነበር። እርግጥ እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ የሌለበት ቤት የለም፣ ለራሴም እስከዛሬ የምለው ይህንኑ ነው።

በእኔ ትይዩ ሲደርሱ ቆሙ። ከፊት ያለው አንዱ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ስለ ገበያ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብሎ «መንገዱ ተከፈተ እንዴ?» አለ።

እኔ አፌን በእጄ ይዣለሁ። እንዲያ ሆነው ቆዩ፣ ጠበቁ ብል ይሻላል፣ ከዚያ ሲጥታው ቀጠለና ሰይድ ወዳለበት ወረዱ። አልወጣሁም። እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው እንዳልል እግሬ ደህና ነበር፣ አፍሬ ነው።

ሰይድ ሲደርስ ኮቴን እያራገፍኩ አገኘኝ። «ምን ሆነዋል ጋሼ? እሾህ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

«ሰዎቹን አሳለፍካቸው?»

«የምን ሰዎች?»

«ቀብር የያዙት። አሁን ወደ አንተ ወረዱ እኮ።»

«ሱብሃነላህ! ጋሼ፣ እኔ መንገዱን ዘግቼ ነው የቆምኩት፣ ድመት እንኳ አላለፈችኝም» አለና እጄን ይዞ ወደ ቦታው ባለቤት ቤት ወሰደኝ።

ባለቤቱ አባ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ የመንደሩም የቅሬ ዳኛ፣ ማለት የእድሩ አለቃ፣ ሰው ሲሞት ቀባሪውን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ቦታውን ሳላይ ነው የጠየቅኋቸው። «ዛሬ እዚህ ሰው ሞቷል?»

«ኧረ ያቆየን! ቅሬያችን ዛሬ አልወጣም። ምነው?»

«ቃሬዛ… በሦስት ሰው ይያዛል?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «አንድ ቀን ይዘናል። እቴነሽ የምትባል ደግ ሴት ነበረች። በዚያ በክፉው ጊዜ ሞተች፣ ጎረምሳው ሁሉ ተበታትኖ አራተኛ ሰው አጣን። አዲስ አበባ ወንድም ነበራት፣ «መንገዱ ዝግ ነው» ቢልም ይከፈትለት ይሆናል ብለን እስተ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅነው።»

«ቀረ?» አልኩ።

«መንገድ ተዘግቶበት ምን ያርግ፣ ምስኪን! አንጀቱ አርሮ ይሆናል። እስታሁን ስሙ ሲነሳ እናዝንለታለን።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማዬን እያየሁ ቆምኩ፣ «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፣ አልወጣኝም። ሽማግሌው ደግሞ አፍ አፌን ያዩኛል።

«አንቱ የማን ልጅ ነዎት?» አሉኝ።

«አዲስ አበባ ነኝ» አልኩ፣ ከንፈሬን ገጥሜ።

«ይሁን» አሉ። «ቤቱ ይደርሳል፣ እዚህ የሚኖር ሰው መጀመሪያ ቅሬ ይገባል። ምንም አንፈልግም፣ ስምና የአባት ስም ብቻ ነው የምንጠይቅ።»

ባለቤቴን አማክሬ እመጣለሁ ብዬ ወረድኩ።

ከተመለስን ሦስት ወር አለፈን። አልማዝ ጠዋት ማታ ሐይቅን ታነሳብኛለች፣ እኔ ስለ ወባው አወራለሁ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ አወራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ ሰይድ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጠፉ እኮ! አባ ይመር ይጠይቁዎታል፣ መቼ ይመጣሉ ልበላቸው?»

ልመልስ ስል ከድምፁ ኋላ ሰማሁት። «ሲጥ… ሲጥ…»

«ሰይድ፣ ከማን ጋር ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ምነው?»

ሲጥታው ቆመ። ሰይድ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል፣ ከኋላው ደግሞ ያ ዝምታ፣ ከቁልቋሉ ኋላ ሆኜ የሰማሁት መልስ የሚጠብቅ ዝምታ አለ። ስልኩን ዘጋሁት።

«ማን ነው?» አለች አልማዝ፣ ፊቷ በርቶ።

«ሰይድ ነው።»

«ታዲያ መቼ ኑ አለን?»

አየኋት። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ እመኑኝ፣ ልነግራት ነበር።

«መንገዱ ዝግ ነው አለ» አልኳት።