የካሜራውን መስመር የዘጋው ጣት

የኔትወርክ ክፍሉ አለቃ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በክፍላቸው ውስጥ፣ ብልጭ ድርግም በሚሉት መሣሪያዎች መሀል፣ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው በብረት ተመቷል። የክፍሉ ካሜራ የጠፋው ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ ያጠፋው ትእዛዝ ደግሞ የተጻፈው በትንሿ ቴክኒሻን ስም ነበር።

ቢሮው ሁሉ ወዲያው ፈረደባት። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቷን አምና እንድትገላገል ቢመክሯት «ያላረገዝኩትን አልወልድም» ብላ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

የመጣችው መርማሪ «መርፌ» ትባላለች፤ የማትገባበት ቀዳዳ የለማ። የክፍሉ ቁልፍ ያላቸውን ሦስት ሰዎች ለየብቻ አነጋገረች። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ከኮምፒውተር ጋር ዓይንና ናጫ መሆኑን ነገራት። የሟቹ ምክትል በሌላ ድርጅት፣ በሌላ ሥሪት መሣሪያ ዐሥር ዓመት መሥራቱን፣ እዚህም የይለፍ ቃል ለሁሉም የሚያድለው እሱ መሆኑን ደረቱን ነፍቶ አወራ። ልጅቷ የምታውቀው ይህችኑ ማሽን ብቻ ነው፤ ያስተማሯትም ሟቹ ናቸው።

መርፌ ካሜራው የጠፋበትን፣ ሳይዘጋ የቀረውን ስክሪን ለልጅቷ አሳየቻት።

«ይህች ምልክት ምንድን ናት?»

«ቀስት ናት። እዚህ ጋ አልገባኝም ማለቷ ነው። ሰው ስህተት ሲያይ ዝም ብሎ ይደነግጣል እንጂ፣ ማሽኗ የት ጋ እንደሳቱ በጣቷ ነው የምታሳይዎ።»

«አንቺም ስትሳሳቺ ቀስት ታወጣብሻለች?»

«እኔንማ ‹ትእዛዙ አልተሟላም› ነው የምትለኝ። ችኩል ነኝ፣ ሳልጨርስ እጫናለሁ። ያስተማሩኝ ጋሼ ሲስቁብኝ ነው የኖሩት።»

መርፌ ከሰዓት በኋላውን ማሽኗ የያዘችውን የሁለት ዓመት የትእዛዝ መዝገብ ስታገላብጥ ዋለች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ሰበሰበች።

«ገዳዩ መጀመሪያ ካሜራው የት እንደተሰካ ማየት ነበረበት» አለች። «ለዚህች ማሽን አሳዪኝ ለማለት ‹ሾው› ነው የሚባለው። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ‹ዲስፕሌይ› ብሎ ጻፈ፤ ሁለቴም ቀስት ወጣበት። ሦስተኛው ላይ ተስተካከለ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ቢሆን አንዱንም አያውቅም። ‹ዲስፕሌይ› የሌላ ሥሪት መሣሪያ ትእዛዝ ነው።»

ምክትሉ ሳቅ ብሎ፣ ልጅቷ ከመጽሐፍ አንብባው ሊሆን ይችላል አለ።

«በመዝገቡ ላይ አራት መቶ ዐሥር ስህተት አላት» አለችው መርፌ። «ያ ቃል አንዴም የለም። በአንተ ስም ዐሥራ አንድ ጊዜ አለ፤ ሁሉም ስትጣደፍ የጻፍከው ነው። የይለፍ ቃሏም በእጅህ ነው። ሟቹ ጡረታ ሲወጡ ቦታቸው ለእሷ እንዲሰጥ ትናንት ደብዳቤ ጽፈዋል። ‹አይቻለሁ› ብለህ ፈርመህበታል።»

ምክትሉ ፊቱ ደም መሰለ። «ታዲያ የትናንት ልጅ ታዘኛለች?»

ሌላ ጥያቄ አላስፈለገም። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ይዘውት ወጡ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅቷ አንድ ሳምንት እንድታርፍ፣ የቦታውን ነገር ደግሞ ቀስ ብለው እንደሚያስቡበት ነገሯት።

«ጋሼ አስበው ጨርሰዋል» አለች። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበራቸው ላይ ነኝ። የሚያስነሳኝ ካለ፣ መጀመሪያ ከኔ በላይ ማሽኗን ያናግራት።»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ወደ መርፌ ዞሩ፤ እሷ ግን መዝገቡን ሰብስባ መንገድ ጀምራለች።