የሃያ ስምንተኛው ቀን ኩቦች

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ፣ መሰላሉ ከጎኑ ተጋድሞ፣ መልሱም አብሮ ተዘጋጅቶ ነበር። ሬሳና መሰላል አይታ ታውቃለች። ያናደዳት የተዘጋጀው መልስ ነው።

«ከመሰላል ወድቀው ነው» አላት የዩኒቨርሲቲው የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ገና ጓንቷን ሳታጠልቅ። «የመሰላሉ እግር የላላ ነው። ማስጠገን የነበረባት የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ናት። ጣቢያ ወስደዋታል።»

«ማን ውሰዷት አለ?»

«እኔ ደወልኩ። ጥፋተኛው መታወቅ አለበት።»

ሟቹ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ጥራዝ አርታኢ ነበሩ። የሲቪሉን፣ የኬሚስትሪውን፣ የኤሌክትሪኩን፣ የመካኒካሉን የዓመት የምርምር ውጤት ሰብስበው፣ አርመው፣ በአንድ መጽሐፍ ሲያወጡ ሠላሳ ዓመት ሞላቸው። ሰረዝ የተዛነፈ እንደሆነ ምሳም ስለማይበሉ ግቢው «ጋሽ ሰረዝ» ይላቸዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ በሚሠሩበት መዝገብ ቤት፣ ከኋላ ጭንቅላታቸው ተመትቶ ከመደርደሪያው ሥር ተገኙ። ያገኘቻቸው ያቺው ኃላፊ ናት። ጮኻ ሰው ጠራች፤ ሰው መጣና እሷኑ ይዟት ሄደ። እግዜር ያሳያችሁ።

የመርማሪዋ ስልክ ጠራ። አለቃዋ ነው።

«መሰላል ነው አሉኝ። እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ዝጊውና ሴትየዋን በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለን እናቅርባት።»

«መሰላሉን ገና አላየሁትም።»

«መሰላል ደግሞ ምኑ ይታያል?»

ስልኩን ዘጋችና ወደ ሟቹ ጠረጴዛ ዞረች። መነጽራቸው ታጥፎ ማኅደሩ ውስጥ ተቀምጧል።

«ያለ መነጽር ያያሉ?»

«ኧረ የት አባታቸው!» አለ የሕንፃው ጥበቃ ከበሩ ላይ። «ያለ መነጽር እኔንና የልብስ መስቀያውን አይለዩንም።»

መነጽሩን ትቶ መጽሐፍ ሊያወርድ መሰላል የሚወጣ ሰው የለም። ይህን ለራሷ ያዘችው። ለምክትሉ ብትነግረው ሌላ መልስ ያዘጋጃል።

ጠረጴዛው ላይ ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀው ጥራዝ ተከምሯል። አንድ በአንድ ስትቆጥር ገጽ አርባ አንድ የለም። ገጽ ሰማንያ ሰባት ደግሞ ረጥቦ ደርቋል፤ መሃሉ ላይ የወረቀቱ ቆዳ ተልጦ ሄዷል። ኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «41ን እይ» ተብሎ ተጽፏል።

«ሻይ ፈሶባቸው ይሆናል» አለ ምክትሉ በትከሻዋ ላይ እያየ።

«ሻይ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲፈስ አይቼ አላውቅም» አለችና ማስመሪያ አወጣች። የእርጥበቱ ምልክት በአራቱም ጎን አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው።

ጥበቃው በምሳ ሰዓት ሦስት ሰዎች ብቻ ሲገቡ አይቷል። ሦስቱም ጽሑፋቸው በጥራዙ ውስጥ ያለ መምህራን ናቸው። መርማሪዋ በየተራ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የገባችው የጉድጓድ ውሃ የምታጣራው ኬሚስት ናት።

«አራት ጊዜ መልሰውብኛል» አለች ሳትቀመጥ። «አራት ጊዜ! በአንድ ሠንጠረዥ ምክንያት። ልገድላቸው ያሰብኩበት ቀን አለ፤ ትናንት ግን አልነበረም፣ ዛሬም አልነበረም። አምስተኛውን ሰጥቻቸው ወጣሁ።»

«ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ምን አለ?»

«እኔ ከስልሳ እስከ ሰባ ሁለት ያለውን ነው የማውቀው። የኔ ነዋ።»

«የሌላውንስ?»

«የሌላውን ማን ያነባል እቴ?»

ሁለተኛው ተማሪዎቹ «ፊውዝ» የሚሉት የኤሌክትሪክ መምህር ነው። ሰማንያ ሰባት የእሱ ገጽ ነው፤ ግቢው ውስጥ መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት አንድ በአንድ የሚዘረዝር። ስለ ትራንስፎርመር ግማሽ ሰዓት አወራ። መርማሪዋ ራሷን ይዛ አዳመጠች።

«እባክዎ ያሳጥሩልኝ።»

«ያጠረው እኮ ይኸው ነው» አለ ቅር ብሎት። «ሙሉውን የሰሙልኝ ጋሽ ሰረዝ ብቻ ናቸው።»

ሦስተኛው የኮንክሪቱ ሰው ነው። ግቢው የሚወደው፣ ለሁሉም «የኔ ጌታ» የሚል፣ ሰላምታው የማያልቅ። ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ሲሚንቶን በአመድ ቀንሶ ርካሽ ኮንክሪት ሠርቷል፤ በዚያ ኮንክሪት ትምህርት ቤት ሊሠራ ታስቧል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ የፕሮፌሰርነት ማዕረጉ ይጸድቃል።

«አባቴ ማለት ነበሩ» አለ። «ምሳ እንብላ ልላቸው ገብቼ፣ ሥራ አለኝ ስላሉኝ ወጣሁ።»

«የመምህር ፊውዝን ጽሑፍ አንብበውታል?»

«ጊዜ የታለኝ? የራሴንም በቅጡ አላነበብኩት። ያን ቀን ደግሞ በጄኔሬተር ነው የሠራነው።»

«የትኛውን ቀን?»

የኮንክሪቱ ሰው መሐረቡን አጣጠፈ። «መብራት የጠፋ ቀን ሁሉ ማለቴ ነው» አለ።

ገጽ አርባ አንድን ቀድሞ ማተሚያ ቤት ከደረሰው ያልታረመ ቅጂ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ተሟገተች። አንዱ ለሌላው አስተላለፋት፤ ሌላው «ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» አላት። ሲገኝም መከራ ነው፤ ቁጥር በቁጥር ላይ። ፖሊስ የሆነችው ከሒሳብ ሸሽታ ነበር። እየተበሳጨች፣ በጣቷ እየተከተለች፣ አርባ አንድንና ሰማንያ ሰባትን ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች። ሦስተኛው ንባብ ላይ ጣቷ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት በራሷ ፊርማ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን ከጣቢያ አስወጣች። አለቃዋ «በራስሽ አንገት ነው» አላት። አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም በኮንክሪት መፈተሻው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ምክትሉን፣ ሦስቱን መምህራን፣ ያደረችበትን ቀሚስ ሳትቀይር የመጣችውን ኃላፊ፣ ሁለት ፖሊሶችንም። መብራት የለም። ትልቁ መጭመቂያ መኪና በጨለማ ቆሟል።

«ስብሰባ አለብኝ» አለ ምክትሉ።

«እኔም ምሳ ሰዓት አለብኝ» አለች መርማሪዋ። «የማላውቀውን ነገር ተምሬ ነው የመጣሁት፤ ስሳሳት አርሙኝ። ኮንክሪት በኩብ ቅርጽ ይፈሳል። በማግስቱ ከቅርጹ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል። በሃያ ስምንተኛው ቀን እዚህ መኪና ላይ ይጨፈለቃል፤ ስንት እንደቻለም ይጻፋል። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለች ኬሚስቷ።

«አርባ አንደኛው ገጽ፣ አሥራ ሁለት ኩቦች በወሩ አሥራ ሰባተኛ ቀን ተጨፍልቀው በአማካይ ሠላሳ አንድ ሜጋፓስካል ጫና ቻሉ ይላል። ሰማንያ ሰባተኛው ገጽ ደግሞ፣ በዚያው በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ግቢው መብራት አልነበረውም ይላል። ሁለቱ ገጾች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። ሁለቱንም ያነበበ ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር። እሱም ሞተ።»

«ጄኔሬተር አለ እኮ» አለ ምክትሉ።

ፊውዝ ሳቁ አመለጠው። «የኛ ጄኔሬተር የእርስዎን ቢሮ አምፖልና አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ከቻለ ተመስገን ነው። ይህንን መኪና? ወይ ጉድ።»

«ስለ ጄኔሬተሩ ማንም ሳይጠይቀው ትናንት የነገረኝ ሰው አለ» አለች መርማሪዋ። የኮንክሪቱን ሰው አላየችውም። «እማማ፣ ትናንት ጠዋት ጋሽ ሰረዝ ምን ይዘው መጡ?»

«ከባድ ቦርሳ» አለች ኃላፊዋ። «ምንድነው ጋሼ ብላቸው፣ ‹ማስረጃ ነው፤ ይንጠባጠባል› አሉኝ።»

መርማሪዋ ኩቦቹ ወደሚነከሩበት የውሃ ገንዳ ሄደች። «ከዚህ ያወጡት ኩብ ነበር። ተጨፍልቋል የተባለ ኩብ ሙሉውን ሲገኝ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እርጥቡን ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ አስቀምጠው ባለቤቱን ጠበቁት። የወረቀቱ ምልክት አሥራ አምስት በአሥራ አምስት ነው፤ የኩቡ ልክ። ባለቤቱ መጣ፣ ተጣሉ፣ ሽማግሌው ጀርባቸውን ሲሰጡ በዚያው ኩብ መታቸው። መሰላሉን አጋደመ። መነጽራቸውን ረሳ። ኩቡን በቦርሳቸው ከቶ፣ ገጽ አርባ አንድን ይዞ ወጣ።»

እጅጌዋን ሰብስባ ገንዳው ላይ አጎነበሰች።

«እኔ ብሆን ኩቡን ወንዝ እጥለው ነበር። ሃያ ዓመት ኮንክሪት ያፈሰሰ ሰው ግን ኩብ ከውሃ ውጪ መተው አይሆንለትም። መልሶ ቦታው አስገባው። አሥራ ሁለቱም እዚህ ናቸው፤ ቀናቸውና ቁጥራቸው ተጽፎባቸዋል። አሥራ አንዱ ነጭ ዝቃጭ ለብሰዋል። አንደኛው ግን ተፈትጎ ጸድቷል፤ እሱን አሽገነዋል። ከገንዳው አጠገብ ካለው ማጽጃ ብሩሽ ውስጥ ሽበት አግኝተናል። ከኩቡ ሥር ደግሞ፣ ሳያገላብጠው የቀረ፣ የጥፍር ያህል ወረቀት ተለጥፏል። ከገጽ ሰማንያ ሰባት ልጥ ጋር ገጥሟል።»

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም የኮንክሪቱን ሰው አየ። እሱ ግን ገንዳውን ነበር የሚያየው።

«ያን ቀን ማታ ጽሑፍ መቀበያው ይዘጋ ነበር» አለ በመጨረሻ። «መብራት የለም። በማግስቱ ሃያ ዘጠነኛ ቀን ይሆናል፤ ደንቡ ሃያ ስምንት ነው። እኔ ይህንን ኮንክሪት አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ እንደማያንስ አውቅ ነበር። አንድ ቁጥር ነው የገመትኩት። ‹ልጆች ከሥሩ የሚቀመጡበት ጣሪያ በግምት አይሠራም› አሉኝ። ከሐሙስ በፊት ሌባ ሊያሰኙኝ ነው ብዬ... እንጃ። እጄ ነው የቀደመኝ።»

ያኔ ከጣሪያው ላይ አምፖሎቹ ብልጭ ብልጭ አሉና በሩ። ከደቂቃ በኋላ መጭመቂያው ማጉረምረም ጀመረ።

«አንዱን እንሞክረው?» አለ ፊውዝ። መርማሪዋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። በማስረጃነት ከታሸገው ውጪ አንዱን አውጥተው መኪናው ላይ ጫኑት። መርፌው ሃያን አለፈ፣ ሠላሳን አለፈ። ኩቡ ጠርዙ ሲፈርስ መርፌው ሠላሳ አራት ላይ ቆመ።

«ሠላሳ አራት» አለች ኬሚስቷ ቀስ ብላ። «በልጦ ተገኘ።»

የኮንክሪቱ ሰው ቁጭ አለ።

ኃላፊዋ እጇን ለአንዱ ፖሊስ ዘረጋች። «ትናንት የወሰዳችሁብኝን ቁልፌን ስጠኝ። ጋሽ ሰረዝ ያረሙትን ገጽ ሁሉ ግልባጩን በዚያው ቀይ ቀለም ጽፈው ጠዋት ጠዋት ይሰጡኛል። የትናንቱም እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ጣቢያ ሌሊቱን ሙሉ ስናገር አደርኩ፤ የሰማኝ የለም።»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ለዚያ ገጽ ሁለት ሰዓት ለማኝ ሆና ውላለች። ሴትየዋን ግን እሷም ጠዋት ስታስፈታት «ምን የምታውቂው አለ?» አላለቻትም።

ኃላፊዋ ሄዳ አንድ ወረቀት ይዛ ተመለሰችና ለኮንክሪቱ ሰው ሰጠችው። «ጮክ ብለህ አንብበው ልጄ» አለችው። እሱ ወረቀቱን ወደ መርማሪዋ ሲዘረጋ ተቀብላ አነበበች። ከሠንጠረዡ ሥር፣ በቀይ ቀለም፣ ሰረዙ ሁሉ በቦታው ሆኖ፦

«በዚህ ቀን መብራት አልነበረም። ኩቦቹ ዛሬ ነገ ሳይባል ይጨፍለቁ፤ የዘገዩበት ምክንያት ከግርጌ በአንድ መስመር ይገለጽ። ጥሩ ሥራ ነው። ይታተም።»

«ይህንኑ ገጽ እኮ ትናንት ይዘህ ወጥተሃል» አለችው ኃላፊዋ።

«ቀዩን ቀለም ሳይ ቀዳድጄ ጣልኩት» አለ። «አላነበብኩትም።»

ኃላፊዋ ግልባጩን ከመርማሪዋ እጅ ወስዳ አጠፈችው፤ ወደ ቁም ሣጥኗ መልሳም ቆለፈችበት።