ጨጓራ ነው የተባለው ጉበት

ሰው በፍቅር ይገደላል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ጠባብ ክፍሎች፣ ስፖንጅና ሙጫ በሚሸቱት፣ ሶፋ ሰሪው ከሚስቱና ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ሚስቱ ሽፋኑን ትሰፋለች፣ እሱ ይወጥራል። «የሰፈሩ ሰው በሙሉ እኔ ላይ ነው የሚቀመጠው!» እያለ ደንበኛውን ሁሉ ያስቃል። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ታዲያ እግሩ አብጦ ሐኪም ቤት የሄደ ቀን ጉበቱ ታሟል ብሎ ማን ይጠርጥር?

እሱ ውስጥ ጫማውን ሲያስር ሐኪሟ ልጁን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አገኘቻት። «ሳያውቀው የኖረ ቫይረስ ጉበቱን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል፤ ሲሮሲስ ይባላል። እንዲህ ያለ ጉበት ላይ ካንሰር ሳያሳምም ሊበቅል ይችላል። በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሳ። ትንሽ ሆኖ ካገኘነው ልናክመው እንችላለን። ሳያሳምመውም ቢሆን ይምጣ!» ልጅቷ እጇን ያዘቻት። «ዶክተር፣ እባክዎ ለእሱ አይንገሩት። እኛ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።»

ቀስ ብለው! ምን ያህል ቀስ ብለው? እቤት ሲደርሱ እናት ልጇን ወደ ማድቤት ጎትታ የሐኪሟን ቃል ካስነገረቻት በኋላ «ካንሰር የሚል ቃል ከሰማ በድንጋጤ ነው የሚሞትብኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ጨጓራ ነው እንበለው» አለች። ጨጓራ ነው አሉት። አመነ። ለምን አያምን? ሚስቱና ልጁ ናቸው!

ሁለት ጊዜ እያጉረመረመ ሄዶ አልትራሳውንድ ተነሳ፤ ውጤቱ ንጹሕ ነበር። በሦስተኛው ግን እምቢ አለ። «ጨጓራዬ እንደሆነ ድኗል! ሥራ ፈትቼ ሆዴን ቅባት ልቀባ ልሂድ?» ልጁ «አባዬ፣ ይሄ እኮ...» ስትል እናቷ በዓይኗ ገሰጸቻት። በሚቀጥለው ወር ተባለ፤ ከዚያም በሚቀጥለው... ሦስት ቀጠሮ እንደዋዛ አለፈ። እሱማ ጭራሽ ጨጓራ ላመመው ጎረቤት ሁሉ መካሪ ሆኖ አረፈው።

ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ሲጀምር፣ ቀኝ ጎኑን ይዞ መቀመጥ ሲያቅተው፣ ይዘውት ሮጡ። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዱ ላይ አንሸራትታ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረች። «ባለፈው ዓመት መጥተው ቢሆን ትንሽ ሆኖ እናገኘው ነበር። አሁን ተሰራጭቷል። ጉበትዎ እንደተጎዳ እያወቁ እንዴት ይቀራሉ?»

«ጉበቴ?» አለ ሶፋ ሰሪው ግራ ተጋብቶ። «የኔ እኮ ጨጓራ ነው፣ ዶክተር።»

ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ አንገቷን ደፋች።

ወዮ ለዚያች ሰዓት! እቤት እንደደረሱ ያልተሸፈነ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ «ካወቃችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» አለ።

«ሁለት ዓመት ተኩል» አለች ሚስቱ።

«እኔ የሰው ሶፋ ገልብጬ ውስጡን ለባለቤቱ ሳላሳይ ሠርቼ አላውቅም። እናንተ የኔን ውስጥ ከኔ ደበቃችሁ?»

«እንዳትደነግጥ ብለን እኮ ነው፣ አባዬ!»

«ልደንግጥ! ደንግጬ ብኖርስ?»

ከዚያ በኋላ አራት ወር ብቻ ቆየ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ያ ሁሉን የሚያስቅ አንደበት ተሳሰረ። ሚስቱ እግሩ ሥር ወድቃ ይቅር በለኝ ስትለው ፀጉሯን ዳበሳት። «ይቅር ብዬሻለሁ... ግን እኮ መሞት አልፈለግኩም ነበር» አላት። ይቅርታው ከእርግማን በላይ አቃጠላት።

በለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤት «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ብላ ልታጽናና ሞከረች። ልጅቱ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ቀኑ አልደረሰም! ቀጠሮ ነበረው! እኛ ነን ያስቀረነው!» ብላ ጮኸች። ሐዘን ነው የሚያናግራት ብለው አስቀመጧት። ከእሷ ሌላ እውነቱን የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ምስኪን ዕጣ ፈንታ! ስንቱን የእኛን ጥፋት ተሸክሞ ይኖር ይሆን?