ባለ አራት እግሩ ምርኩዝ

አዛውንቱ ኦፓኒን አምፖንሳ ከበረንዳቸው ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው የተገኙት፣ ከበረሃ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ የኩማሲን ከተማ አቧራ ባለበሰበት ሳምንት ነበር። ካናቴራ ለብሰዋል፤ እግራቸው ላይ የቤት ነጠላ ጫማ አለ። ሠራተኛቸው ኤፉዋ ጮኻ ጎረቤት እስኪደርስ ድረስ ጀርባቸው ላይ ስስ አቧራ አርፎ ነበር።

የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሰውየውን ጠልፎ የጣላቸው ምርኩዛቸው ነው፤ ምርኩዙን የገዛችው ልጃቸው ዱፊዬ ናት፤ ስለዚህ ዱፊዬ ከሐዘንተኞች ጋር አትቀመጥም። ሐኪሙ ግን ሬሳውን ሲያገላብጥ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል የበለዘ ቦታ አየ። በግንባሩ የወደቀ ሰው ጀርባው አይበልዝም። ለፖሊስ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ዱፊዬን ያሰጋት ከልቅሶ መከልከል ብቻ አልነበረም። አባቷ ሲሞቱ ግቢው ውስጥ የነበሩት እሷና ኤፉዋ ብቻ ናቸው ተብሏል፤ የፖሊስ አለቆችም እንድትታሰር ፈልገዋል።

የተላከችው መርማሪ ኮናዱ ይያዶም ትባላለች። አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር እጁን የምታይ ሴት ናት። ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ዓይኗን የያዘው ጥግ ላይ የቆመ ተሽከርካሪ ወንበር ነበር። መቀመጫው ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።

«ከበሩ ሰፋ» አለች ዱፊዬ፣ መርማሪዋ ሳትጠይቃት።

ከዚያ ሌላውንም ነገረቻት። አባቷ ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው የዛለ ጊዜ ደንግጣ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ላርትዬ ሮጠች። ያመሰገነላትን ሁሉ ገዛች። ወንበሩ በበሩ አልገባ አለ። አልጋው ከፍ ብሎ የአባቷ እግር መሬት አይነካም ነበር። የገላ መታጠቢያው በርጩማ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል። ዘመድ ሁሉ ቤቱን «የላርትዬ ቅርንጫፍ» እያለ ይስቅባት ነበር።

«ምርኩዙስ?»

«እሱንም መጀመሪያ ሳላስለካ ነው የገዛሁት። በኋላ ግን አስተካክዬዋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

ዱፊዬ ወደ ዶሮዋ ዞረች። «አስተካክዬዋለሁ አልኩ» አለች።

ምርኩዙ የበረንዳው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር። ከታች አራት እግሮች አሉት፤ በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ ወደ ጎን ተዘርግተው ወጥተዋል፣ የሌላው ወገን ሁለቱ ከዘንጉ ጋር ልክ ናቸው። የተዘረጉት ወደ ውጭ፣ ልኮቹ ወደ ሰውየው መሆን አለባቸው። ኮናዱ በቀኝ እጇ ይዛው ተራመደች። የተዘረጋው እግር ቁርጭምጭሚቷን ጠለፋት።

«አዩት?» አለ ከኋላዋ አንድ ወፍራም ድምፅ። የሟቹ የእህት ልጅ ንቲም ነበር፤ እንጨት ነጋዴ፣ ግዙፍ፣ በጥቁር የሐዘን ልብስ የተጠቀለለ። ለሽማግሌዎቹም ምርኩዙን አንሥቶ እንዲሁ ያሳያቸው እሱ ነው። «የተዘረጋው ወደ ውስጥ ዞሯል። ርካሽ ስታሳድድ ጠማማ ዕቃ አመጣች። አጎቴ የሞቱት ያንን ነገር ቀኝ ክንዳቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ነው። ሆነ ብላ ነው አልልም። ደክሟት ይሆናል። ሽማግሌ መጦር ያደክማል።»

እሱ ራሱ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ከእንጨት መሰንጠቂያው እንዳልወጣ፣ የደረሰውም አጎቱ በጨርቅ ከተሸፈኑ በኋላ እንደሆነ፣ ጨርቁንም ገልጦ ለማየት ልቡ እንዳልቻለ በረጋ አነጋገር አስረዳት። ኮናዱ አመስግናው ወደ ጓሮ አለፈች።

ኤፉዋ ሙቀጫው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ለእራት የሚሆን ፉፉ እየወቀጠች ስለነበር ምንም እንዳልሰማች፣ ዱፊዬም ውስጥ ሆና ለቅዳሜ የአባቷን ልብስ ትተኩስ እንደነበር ተናገረች። ቅዳሜ ምን እንዳለ ኮናዱ አውጣጣቻት። በአገሩ ልማድ የሰው ንብረት የሚያልፈው ለእህቱ ልጅ ነው፤ ኦፓኒን ግን ቤቱን በቁማቸው ለዱፊዬ ሊሰጡ ነበር። በምስክሮች ፊት ይሰጣሉ፣ እሷ መጠጥ አቅርባ ታመሰግናለች፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።

«ስታገኚያቸው ምርኩዙ የት ነበር?»

ኤፉዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ማዳም፣ ያዟት አይበሉ። እኔ ነኝ ያነሣሁት። የማንጠልጠያው ገመድ ክንዳቸውን አጥብቆ ይዞት ነበር፣ እንደዚያ ሆነው ማየት አልቻልኩም። ፈታሁና ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ከዚያ ነው የጮኽኩት።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ዕቃ ነካሽ ብለው እንዲከሱኝ?»

«የትኛው ክንዳቸው ላይ ነበር?»

ኤፉዋ ቀኝ እጇን አነሣች። እጇን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችው።

ኮናዱ ከዚያ ወደ ሬሳ ቤቱ ሄዳ የሟቹን እጆች ለማየት ጠየቀች። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ደርቀዋል፤ መዳፉ እንደ ሕፃን ለስላሳ ነው። የግራው መዳፍ ግን አውራ ጣቱ ሥር እንደ አናጢ እጅ ጠጥሯል።

ላርትዬ ሱቁ ውስጥ ለኮናዱ የወገብ ድጋፍ ሊሸጥላት እየሞከረ የቀረውን ነገራት። «እዚህ አገር በግራ እጄ የምይዘው ምርኩዝ ስጡኝ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ የምሸጠው ሁሉ ለቀኝ ነው። ያቺ ሴትዮ ግን ተመልሳ መጣችና እግሩን አዙርልኝ አለችኝ። ለማን ነው ብላት፣ ምን አገባህ አለችኝ። እፈራታለሁ፣ አዞርኩላት።»

ኮናዱ ዱፊዬን ብቻዋን አገኘቻት።

«አባትሽ ቤት ውስጥ በግራ እጃቸው ነበር የሚደገፉት። ምርኩዙም ለግራ እጅ የተስተካከለ ነው። ለምን አልተናገርሽም?»

«በሽማግሌዎች ፊት ምን ልበል?» ዱፊዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዳ ሲመጣ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኤፉዋ ክንዳቸውን ደግፋ፣ ገመዱን በማይሠራው ቀኝ እጃቸው አስገብተን ነው የሚወጡት። የቤተሰብ ሽማግሌ በግራ እጁ ተደግፎ ሰው ፊት ሲቆም አይተሽ ታውቂያለሽ? ግራ እጅ ሰው ፊት ነውር ነው፤ ምስጢራቸው ነው። እኔ አላዋርዳቸውም።»

«ልትታሰሪ ነው እኮ።»

«ልታሰራ።»

«የገደላቸውን ሰው እየሸሸግሽ ነው፣ እህቴ። ነገ በቤተሰቡ ፊት ምርኩዙን ይዘሽ የምትነሺበትን ሰዓት እኔ እነግርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያንቺ ፈንታ ነው።»

በማግሥቱ ቤተሰቡ በቀይና በጥቁር ልብስ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። የቤተሰቡ አለቃ ናና ብሬፎ መሃል ተቀምጠዋል፤ ንቲም በቀኛቸው። ላርትዬ ኩርምት ብሎ ዳር ላይ አለ። ለዱፊዬ መቀመጫ አልቀረበላትም፤ በሩ አጠገብ ቆማለች። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ፀሐይዋን ገርጥታ የታመመች አስመስሏታል።

ኮናዱ ምርኩዙን ለንቲም ሰጠችው። «አጎትህ እንዴት ይራመዱ እንደነበር አሳየን።»

ንቲም በቀኝ እጁ ይዞ ተነሣና ጥቂት ተራመደ። የተዘረጋው እግር ሲጠልፈው ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ።

«አሁን ዱፊዬ።»

ዱፊዬ አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ሽማግሌ «ምን ታሳያለች፣ ሌላ ዕቃ ትግዛ እንጂ» አለ፤ አንዳንዶች ሳቁ። ያኔ መጣች። ምርኩዙን ተቀበለች፣ በሁሉም ፊት ወደ ግራ እጇ አዛወረችው፣ ቀኝ እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ ለጠፈችና እግሯን እየጎተተች ግቢውን አቋረጠች። አባቷን ነበር የምትመስለው። ምርኩዙ ምንም አልጠለፋትም። የሚስቅ ጠፋ።

«ናና፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ኮናዱ። «የሟቹን ምስጢር ያለ ምክንያት አላወጣሁም። ምርኩዙ ጠማማ አይደለም፤ ሻጩ እዚህ አለ፣ ለግራ እጅ ያዞረው እሱ ነው። ኦፓኒን የሞቱት በካናቴራና በቤት ጫማ ነው። ስለዚህ እንግዳ አልጠበቁም፤ እንግዳ ካልጠበቁ በግራቸው ነው የሄዱት። ምርኩዙ ግን ቀኝ ክንዳቸው ላይ ታስሮ ተገኘ። በዚያ እጅ ማንሣት አይችሉም። ትከሻቸው መካከል ያለው ብልዝ እንደሚያሳየው ከኋላ ተገፍተዋል፤ ከወደቁ በኋላ ሌላ ሰው ነው ያሰረው።»

«ማን?» አሉ ናና ብሬፎ።

«ዱፊዬ ብትሆን፣ ኤፉዋም ብትሆን፣ በግራቸው ነበር የምታስረው። ያሰረው ሰው ኦፓኒንን የሚያውቃቸው ለብሰው ሲወጡ ብቻ ነው። ዱፊዬ ጠማማ ዕቃ እንደገዛች ሰምቷል፣ እንዳስተካከለችው አልሰማም። በቀኝ ሞክሮት ሲጠልፈው ጥፋተኛው ዕቃው እንደሚመስል ደስ አለው።» ወደ ንቲም ዞረች። «አንተ የደረስከው ሬሳው ከተሸፈነ በኋላ ነው አልክ፤ ገልጠህም አላየህም። ቀኝ ክንዳቸው ላይ ታስሮ እንደነበር ግን ነገርከኝ።»

«ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።»

«ኤፉዋ ከመጮኋ በፊት ፈታዋለች። ለማንም አልተናገረችም። ያንን ገመድ እዚያ ክንድ ላይ ያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የፈታችውና ያሰረው።»

ንቲም የሐዘን ልብሱን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። ከዚያ ማንንም ሳያይ «የእናቴ ወንድም ቤት ነው» አለ። «ቅዳሜ በመጠጥ ሊሰጡት ነበር።»

ናና ብሬፎ ወንበራቸውን ከሱ አራቁ። ፖሊሶቹ ሲያስነሡት አልታገለም። ናና ከዚያ ባዶ ወደቀረው ወንበር እያመለከቱ «ልጄ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አሏት ዱፊዬን።

ዱፊዬ ወዲያው አልተቀመጠችም። ወደ ኮናዱ ተጠግታ «አባቴ የገፋቸው ማን እንደሆነ አውቀው ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

 ኮናዱ ልትዋሽ አስባ ነበር።

«እርምጃ ከኋላቸው ሰምተዋል፣ አልዞሩም» አለች። «ምርኩዙንም ወደ ቀኛቸው አላዛወሩም። ሌላ ሰው ነው ብለው ቢጠረጥሩ አፍረው ወደ ቀኝ ያዛውሩት ነበር። አንቺ መስለሻቸው ነው።»

ዱፊዬ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሄዳ በሐዘንተኞች መካከል ተቀመጠች።