የመምህር እንደሻው የመጨረሻ ስንኝ

ኢንስፔክተር ሀሊሜ ስትደርስ ዓይነ ስውሩ መምህር እንደሻው ወንበራቸው ላይ ሞተው ነበር። ግጥም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ስንኝ አዛንፋ ስንት ቀን አልቅሳለች! «ኢና ሊላሂ» አለች ቀስ ብላ።

ሚስታቸው እትዬ አበባ እጇን ያዟት። «ልጄ፣ ራሱን አጠፋ አሉኝ። እንዲህ ከሆነ ፍትሐት የለውም። አርባ ዓመት የተሳለመው ደጅ ሊዘጋበት ነው።»

የመምህሩ ስልክ ላይ ስለ ጽናት የተጻፈ ግጥም ነበር፦

ጭላሎ ቢረዝም፣ ጉልበቴ ቢደክም፣
መራመድ አልተውም፣ አልቀመጥም የትም።
አሁን ግን በቃኝ፣ ሕይወት ሰለቸኝ፣
መርዙን ጠጣሁኝ፣ ደህና ሁኑልኝ።

«ማን ጻፈው?»

«አባዬ አጠገቡ ያለውን ሰው ያስጽፍ ነበር» አለች ልጃቸው ሮሐ። «የላይኞቹን ሁለት ስንኞች ትናንት እኔ ጻፍኩ። የታችኞቹን አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉ የእትዬ አበባ ወንድም አቶ ካሣዬ፣ ከሁሩታ የመጡ የስንዴ ገበሬ። «ጠዋት ከገበያ ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው።»

የመምህሩ ውሃ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ቦታ በከፊል የጎደለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ሀሊሜ አሸተተችው። የአረም መድኃኒት ነው።

«እስኪ ሁለታችሁም ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ።»

ሮሐ ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች አነበበች፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጣቷ ተደናቀፈ። አቶ ካሣዬ አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ ጨረሱት።

ሀሊሜ ሁሉንም ቁጭ እንዲሉ አደረገች። «መምህሬ ስድስት በስድስት ነው የሚገጥሙት። ጭ-ላ-ሎ ቢ-ረ-ዝም፤ ቁጠሩት። የታችኞቹ ግን አምስት በአምስት ናቸው።»

«የጨነቀው ሰው ቢያዛንፍስ?» አሉ አቶ ካሣዬ።

«የጨነቀው ሰው አንዱን ያዛንፋል። እዚህ አራቱም ሐረጎች እኩል አምስት ናቸው፤ የሌላ ሰው ጆሮ ነው የገጠማቸው። እትዬ አበባ ፊደል አልቆጠሩም። ሮሐ ስድስት በስድስት እየሰማች ነው ያደገችው፤ ጣቷም መሰከረላት። ቀይ ክር አስሮ መርዝ የሚለይ ደግሞ ገበሬ ነው።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአቶ ካሣዬ ውሸት ግን ማደር እንኳ አልቻለም።

«ልገድላቸው ብዬ አይደለም!» አሉ እያለቀሱ። «ለማሳዬ የገዛሁት ነው፤ ውሃቸው ቦታ አስቀምጬ ረሳሁትና ገበያ ወጣሁ። እንዳንሳሳት ብዬ ክር አስሬበት ነበር። ሞተው ሳገኛቸው ፈራሁና ጻፍኩት።»

እትዬ አበባ ዓይናቸውን ጨፍነው ክሩን ዳሰሱ። «ይህን ክር ዳስሶታል እኮ» አሉ። «ወንድሜ፣ ቀይ መሆኑን ማን ይንገረው?»

መምህር እንደሻው በማግስቱ በፍትሐት ተቀበሩ፤ ሮሐም የላይኞቹን ሁለት ስንኞች ብቻ አነበበች።